ደረጃ ሦስት

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ ለጩሎ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ ከነጉንፋኔ ነው፤ እሱም ከጠመኔ ጋር አብሮ የተቀጠረ ስለሆነ እንደ በሽታ አትቁጠሪው። ፈጣሪ እጅሽን ከካውያው፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

«በስልክ አምስት ደቂቃ ምኑ ይነገራል፣ እባክዎ ይጻፉልኝ» ብለሽኛልና ይኸው ጻፍኩ። ልጅሽ ጭምቷ እኔ ቤት ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ካልሲዋን ራሷ አጥባ የመስኮቱ ብረት ላይ ታሰጣለች። በቀን ከአፏ የሚወጣው ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው፤ ሁለቱ «እሺ» ናቸው። በቤት አክስቷ፣ በክፍል መምህሯ መሆኔ መጀመሪያ ላይ ግራ አጋብቷት ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ውሃ ለመጠየቅ እጇን አወጣች። ሳቄን ውጬ «እሺ፣ ተናገሪ» አልኳት።

የእኔ ክፍል ዘንድሮ ተለውጧል። አርባ ስድስቱን ልጆች በአንድ ገጽ ላይ አስሬ መንዳት ትቻለሁ፤ ሒሳብን እያንዳንዱ በየራሱ እርምጃ ነው የሚማረው። ዝርዝሩን አሁን አልጽፍልሽም፤ ፖስታ ቤት የሚሄደው የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ በር ላይ ቆሞ ቁልፉን እያንቀጫቀጨብኝ ነው። የወሩን የውጤት ወረቀት አብሬ ልኬልሻለሁ። ሒሳብ ላይ «ደረጃ፦ 3» ይላል። ገና የመጀመሪያው ወር ስለሆነ ብዙ አትጨነቂበት።

የአክስትሽ ልጅ፣ መምህርቷ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተወደዱት እትዬ፣

ሰላምታዬ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ይድረስ፤ ጉንፋኑን ብቻ ይለፈው። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ።

ወረቀቱ ደረሰኝ። ሦስተኛ። ከአርባ ስድስት ልጅ ሦስተኛ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ እትዬ። ካውያ ክፍል የምንሠራው አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ የሚናገሩትን ግማሹን እንኳ አልሰማም፣ ግን ወረቀቱን ይዤ ሦስት ጣቴን ሳወጣ ለሁሉም ገባቸው። አለቃችን ሳትቀር አጨበጨበች፤ እሷ ለሰው አጨብጭባ አታውቅም። ወረቀቱን በቁም ሣጥኔ በር ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ጠዋት የሥራ ካፖርቴን ሳወጣ አየዋለሁ፤ ያን ቀን የሆስፒታሉ አንሶላ ክምር አይከብደኝም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እርስዎ ያውቁኛል፤ እኔ በተማሪነቴ ከሠላሳኛ ወዲህ ወጥቼ አላውቅም። አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ሳምንት ሙሉ አያናግረኝም ነበር። ልጄ እንደኔ እንዳትሆን ነው አባቷ ከሞተ ወዲህ አገር ጥዬ የወጣሁት። ዘንድሮም ሒሳብ ካልሆነላት አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባት ቆርጬ፣ ወንድሜ ሹፌሩ ፎርሙን አምጥቶ ሞልቶልኝ ነበር። እዚያ ልጆቹ በየሳምንቱ እየተፈተኑ በደረጃቸው ተራ ይቀመጣሉ አሉ። እርስዎን እንዳይከፋዎ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ አስተኛው ብዬዋለሁ። ከሦስት ካልወረደች ከእርስዎ ጉያ የሚያወጣት የለም።

እጅዎ ይባረክ። የሚቀጥለውን ወረቀት ቶሎ ይላኩልኝ።

ጩሎ


ኅዳር 18 ቀን (ተጽፎ ያልተላከ)

ጩሎዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ቆሜ። ተሳስተሻል፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።

የላክሁልሽ ወረቀት የድሮ ቅጽ ነው። «ደረጃ» የሚለው ሣጥን ላይ ድሮ ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ይጻፍበት ነበር። እኔ ዘንድሮ የምጽፍበት ልጁ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ ነው። እርከኖቹ ሃያ አራት ናቸው፤ ከአንድ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣባቸዋል። አራተኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለት ላይ መሆን ነበረበት። ጭምቷ ሦስት ላይ ናት። ከእሷ በታች ያሉት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

ከአሥራ ሦስት ላይ ስምንት መቀነስ አትችልም። ጣቶቿን ከጠረጴዛ ሥር ደብቃ ትቆጥራለች፣ ሰው ሲያያት እጇን ልክ እንደ ሌባ ትሰበስባለች። በፊት ትምህርት ቤቷ አጠገቧ ከምትቀመጠው ልጅ ትገለብጥ ነበር፤ ሳልጠይቃት ራሷ ነግራኛለች። እኔ ክፍል ውስጥ መገልበጥ አይቻልም፤ ስለማልፈቅድ አይደለም፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ የምትሠራው ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ጠረጴዛዬ አጠገብ ረጅም የእንጨት ሣጥን አለ፤ ካርዶቹ በየእርከናቸው ተደርድረውበታል። ልጁ የራሱን ካርድ ያወጣል፣ ይሠራል፣ መስኮቱ ሥር ከተሰቀለው መልስ ጋር ያስተያያል። ሦስት ካርድ ያለ ረዳት የሠራ እኔ ጋ መጥቶ መሻገሪያ ይፈተናል። ካለፈ አንድ እርከን ወደ ላይ፣ ካላለፈ እዚያው፤ የሚስቅበት የለም። በየጠረጴዛው ላይ ሁለት የተቀባ ቆርኪ አለ። አረንጓዴው «ገብቶኛል» ነው፣ ቀዩ «ይምጡልኝ»። ጭምቷ ቀዩን አንድ ቀን እንኳ አላነሳችውም። አንገቷን ደፍታ ቁጭ ነው።

ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ እያለ «ይህ ክፍል ነው ገበያ?» ይለኛል። አንድ ወላጅ ቢያማርር ሣጥኑ ዕቃ ቤት እንደሚገባ ነግሮኛል። እሱስ ይሁን። እኔን ያስፈራኝ አዳሪው ነው። በየሳምንቱ በደረጃ ተራ ካስቀመጧት ይቺ ልጅ ወይ ትገለብጣለች፣ ወይ ጭራሽ ትዘጋለች። አንቺ ደግሞ ያን ወረቀት በር ላይ ለጥፈሽ፣ በእሱ እየተነሳሽ ትሠሪያለሽ። እንዴት ብዬ ነው አሁን


ኅዳር 20 ቀን

ለጩሎ፣

ጤና ይብዛልሽ። ደስታሽ ቤታችን ድረስ ገብቷል። የአለቃሽን ጭብጨባ ለጭምቷ ብነግራት «እሺ» አለች።

የዚህ ወር ወረቀት ላይ 4 ይላል። ቁጥሩን ብቻ አትይ፣ ልጅቷ እየሠራች ነው። በየጠረጴዛው ላይ እርዳታ መጠየቂያ ቀይ ቆርኪ አስቀምጣለሁ፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳችው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለ አሠራራችን ሌላ ጊዜ ሰፋ አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው። ፎርሙ ግን አደራሽን እዚያው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእትዬ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ እኔ ክንዴን ትንሽ እንፋሎት ላሰኝ እንጂ ደህና ነኝ።

አራተኛ። ደህና። አንድ መንሸራተት ያለ ነው፣ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይቆምም። ግን እንቅልፍ የለኝም። የቀደማት ልጅ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? አስጠኚ አለው? ከሆነ ለእሷም ይቀጠርላት፤ የሚያስፈልገውን እኔ እልካለሁ። ስለ ቆርኪው የጻፉትን አንብቤዋለሁ፣ ግን እርዳታ መጠየቋ እንዴት ደስ እንደሚያሰኝ አልገባኝም። ሦስተኛ የወጣች ልጅ ምን ቸግሯት ነው እርዳታ የምትጠይቀው?

የካውያ ክፍል ሴቶች በወሩ ዞረው ጠየቁኝ። አራት ጣት ላወጣ ብዬ አንዷን መልሼ አጠፍኳት። ዋሸሁ ማለት ነው። እሁድ ስደውል «በርቺ እሺ?» አልኳት፣ «እሺ» አለችኝ። እትዬ፣ የማላውቀው ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ጩሎ


ጥር 3 ቀን

ለጩሎዬ፣

ክንድሽን ቅባት ቀቢው፣ ችላ አትበይው። እኛ ሰላም ነን።

የምጽፍልሽ ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው። አስጠኚ አያስፈልጋትም። ማክሰኞ ዕለት ከሃምሳ ሁለት ላይ ሃያ ሰባት ስትቀንስ አየኋት። ጣት የለም፣ መደበቅ የለም። አጠገቧ ያለችው ልጅ ደግሞ በዚያው ዓይነት ካርድ ላይ ተጣብቃ ቀይ ቆርኪዋን አንስታለች። እኔ ሌላ ልጅ ይዞኝ ሳልደርስላት ጭምቷ ዞር አለችና «ሁለቱ ሰባትን መስጠት አይችልም፣ ድሃ ነው። ከጎረቤቱ ከአምስቱ አንድ አሥር ይበደር» አለቻት። ከዚያ አሥር ደቂቃ አወራች። እኔ ጠመኔ የጠፋብኝ መስዬ ጀርባዬን ሰጥቼ አዳመጥኳት። ሦስት ዓረፍተ ነገሯን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሳ ከነገም ተበደረች።

የዚህ ወር 7 ነው። አንቺ ቁጥሩ ሲያድግ አትደንግጪ፣ የእኛ ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም። ስለ እንቁላልና ስለ እግሩ ተረት አልጀምርብሽም፤ ግን ቀስ እያለች ነው፣ በራሷም ነው። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ጸደይ ሲጠባ ሁሉንም አጫውትሻለሁ።

እትዬሽ


ጥር 25 ቀን

ለአራተኛ ክፍል «ለ» የሒሳብ መምህርት፣

ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ሦስት፣ አራት፣ ሰባት። የሚቀጥለው ስንት እንደሆነ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። «ቁጥሩ ሲያድግ አትደንግጪ» ብለው ጽፈውልኛል። እኔ በቆርኪ የምታለል ልጅ አይደለሁም። ልጄ በክፍለ ጊዜዋ የሰው ልጅ ስታስተምር፣ የሰው ልጅ እሷን አልፎ ሄደ። ይህ እርስዎን ደስ ካሰኘዎ እኔን አላሰኘኝም።

ባለፈው እሁድ ስልኩ ላይ አራቱን ደቂቃ ጮህኩባት፣ አንዱን አለቀስኩ። «ሦስት የነበርሽ ልጅ ሰባት? ወደ ሦስት ካልተመለሽ እናት የለሽም» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። 

ለርዕሰ መምህሩ ጽፌያለሁ። ወንድሜ የካቲት 30 ቀን መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ልብሷንና ደብተሯን ያዘጋጁልኝ። አዳሪው ቦታ ይዞላታል። እጅዎን አልረግምም፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እጅ ነው። ግን አደራዬን እንዲህ ይበሉታል ብዬ አልጠበቅሁም።

የተማሪዋ እናት


የካቲት 10 ቀን (በፈጣን ፖስታ)

ጩሎ፣

ሰላምታ አላበዛም። ይህ ወረቀት ከወንድምሽ መኪና እንዲቀድም ብቻ ነው የምጸልየው።

ኅዳር 18 ቀን ጽፌ ያልላክሁት ደብዳቤ በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ። ከዚያ ወደዚህ ተመለሽ።

አሁን ገባሽ። ልጅሽ ከሦስት ወደ ሰባት አልወረደችም፤ ወጣች። አንቺ ባለቀስሽበት እሁድ ዘጠኝ ላይ ነበረች። በሦስት ወር ሌላው ልጅ በአንድ ዓመት ተኩል የሚሄደውን ሄደች። ይህንን ማወቅ የነበረብሽ አንቺ ነሽ፤ ያላወቅሽው እኔ ስለደበቅሁሽ ነው። አሥራ ሁለት ስትደርስ ከምሥራቹ ጋር እነግርሻለሁ፣ ያን ጊዜ አትጎጂም ብዬ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እያደር ጨለመ። አንድ እሁድ ጭምቷ መነጋገሪያውን አቀብላኝ ነበር፣ ታስታውሺያለሽ? ልነግርሽ አፌን ከፍቼ «እናንተ ጋ ብርዱ እንዴት ነው?» አልኩሽ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን «ስህተትህን አትደልዘው፣ ይታይ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

አሁን ግን ስለ እኔ አይደለም የምጽፈው። ከዚያ ስልክ በኋላ ጭምቷ መውደቅ ጀመረች። መሻገሪያ ፈተንኳት፣ ወደቀች። ካርድ ሰጠኋት፣ ሁሉንም ሳተች። ደንግጣ ነው፣ ያልፍላታል ብዬ ሳምንት ተውኳት። ወደ ስምንት መለስኳት፣ እዚያም ወደቀች። ሐሙስ ዕለት ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ የሠራቻቸውን ካርዶች ሰብስቤ ቁጭ አልኩ። አንዱን ልኬልሻለሁ፣ እይው። ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሦስት። ስምንት ጊዜ አራት ሠላሳ ሦስት። ዘጠኝ ጊዜ አምስት አርባ ስድስት። ሰባት ጊዜ ሰባት ሃምሳ። አራቱን ካርድ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሁሉም መልስ ከትክክለኛው በአንድ ይበልጣል። አንድም የሚያንስ የለም፣ በሁለት የሚበልጥም የለም። የማያውቅ ልጅ እንዲህ አይሳሳትም፣ ጩሎ። ይህ መልሱን አግኝቶ፣ አንድ ጨምሮ የጻፈ ልጅ ነው።

ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። «እነዚህን አውቀሽ ነው?» አልኳት። ጠበቅኳት። ደወሉ ሊደወል ሲል «ሦስት ላይ ይመልሱኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«እማዬ ሦስትን ነው የምትወደው።»

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤሽን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሣጥኑን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ትቶልኛል። ከፈለግሽ ሣጥኑም ይግባ፣ እኔንም ተቀየሚኝ፣ መብትሽ ነው። ልጅቷን ግን እንዲህ እንዳለች በደረጃ ተራ ወደሚያስቀምጧት ቦታ አትስደጃት። እዚያ ሄዳ የምትጽፈውን አሁን ታውቂዋለሽ።

የአክስትሽ ልጅ


መጋቢት 4 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ። እኔን አይጠይቁኝ።

ፖስታው የካቲት 29 ቀን ደረሰኝ። ለወንድሜ ደውዬ ከመንገድ መለስኩት፤ ነዳጅ ሞልቶ ተነስቶ ነበርና ተናዶብኛል። ለርዕሰ መምህሩም ሌላ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ የፊተኛውን ይቅደዱልኝ ብዬ።

ካርዱን በምሳ ሰዓት ካውያ ማሳረፊያው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አረምኩት። ሰባት ጊዜ ሰባት ላይ ራሴን ተጠራጥሬ አለቃዬን ጠየቅኋት፤ አርባ ዘጠኝ ነው አለች። ከዚያ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ የምነግርበት ቋንቋ አልነበረኝም።

ቅያሜዬ አልወጣልኝም፣ እትዬ። አልዋሽዎትም። በአራት ወር ውስጥ አንድ መስመር ይበቃኝ ነበር። ሲወጣልኝ እጽፍልዎታለሁ። ግን ልጄን እኔ አምስት ደቂቃ ሳያት፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ እንደሚያዩዋት አውቃለሁ። ከእርስዎ ጋ ትቆይ።

እሁድ ደወልኩላት። ከአንድ ቀን በፊት ምን እንደምል በወረቀት ጽፌ፣ ያንን ይዤ ነው የስልኩ ሰልፍ የገባሁት። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። «ዘጠኝ ከሦስት ይበልጣል፣ አሥር ደግሞ ከዘጠኝ። መልሱን አሳስተሽ አትጻፊ፣ እማዬ አልተቆጣችም» አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። «እሺ» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ስንት ስደርስ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ወረቀቴን አየሁ፤ ለዚህ የጻፍኩት አልነበረም። ሥራ ክፍል ስገባ ሴቶቹ ዓይኔን አይተው ምን ሆንሽ ሲሉኝ መስመሩ ተቋረጠ አልኳቸው። አልተቋረጠም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ገና ሁለት ደቂቃ ነበረን።

የፊታችን እሁድ እደውልላታለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ያ እሁድ አልፎ ይሆናል። ስለዚህ ምን ብዬ ልመልስላት ብዬ አልጠይቅዎትም።

ጩሎ